የታንግ ሎንግን ማስመለስ፣ 1789፦ ዘመቻውን በጠረጴዛ ላይ ለመዘርጋት

የቬትናም ዋና ከተማ ታንግ ሎንግ፣ የዛሬዋ ሃኖይ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1788 በቻይናው ቺንግ ሥርወ መንግሥት ጦር ተያዘች። ከ44 ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1789፣ ንጉሠ ነገሥት ኳንግ ቹንግ ከደቡብ ተነሥቶ መልሶ ገባባት። ይህን ዘመቻ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማጫወት የሚፈልግ የታሪክ መምህር፣ የተማሪዎች ክበብ ወይም የጦር ታሪክ ወዳጅ ከዚህ በታች ባለው አሠራር ዕቃውን በአንድ ቀን አዘጋጅቶ ጨዋታውን በግማሽ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ተጫዋች ሁለት ይበቃል፤ ዳኛ ግን የግድ ያስፈልጋል። ዳኛ የሌለው ጨዋታ ለምን እንደሚበላሽ ቦታው ላይ ስንደርስ ይታያል።

ይህን ውጊያ የሚዘረጋ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሰው ነበረ?" ብሎ ነው። ከዚያ ጠጠር ሲቆጥርና ሲደረድር ይውልና ጨዋታው ግፊያ ይሆናል፤ ብዙ ያለው ያሸንፋል። ኳንግ ቹንግ ግን ያሸነፈው ሰዓት በመግጠም ነው። በተለያየ መንገድ የላካቸው ጦሮች በአንድ ሌሊት፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ሰዓት በማይርቅ ጊዜ መድረስ ነበረባቸው፤ ደረሱም። ስለዚህ በዚህ አሠራር በጥንቃቄ የሚሠራው የሰዓት ገመዱ፣ ማለትም ጊዜው በሣጥን በሣጥን የተከፈለበት ረጅም ወረቀት ነው። ጠጠሩ ጥራጥሬ ቢሆንም ምንም አይልም።

ማን ከማን ጋር

የኋላ ታሪኩን ለተጫዋቾች በአምስት ደቂቃ ንገሩ፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ማንም አይሰማም። በ1771 ከታይ ሶን የተነሡ ሦስት ወንድማማቾች በደቡብ የሚገዙትን የንጉየን መሳፍንት ገለበጡ። ከሦስቱ ጦረኛው ንጉየን ሁዌ በ1786 ወደ ሰሜን ዘምቶ፣ በለ ነገሥታት ስም አገሩን ሲያስተዳድሩ የኖሩትን የቺን መሳፍንትም አስወገደ። የለ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ለ ቺየው ቶንግ የቺንግን እርዳታ ለመነ። የጓንግዶንግና የጓንግሺ ግዛቶች የበላይ ገዢ ሱን ሽዪ ጦር ይዞ ድንበር ተሻገረ፤ ከዩናን የተነሣ ሌላ ጦርም ወረደ።

ታንግ ሎንግን ይጠብቁ የነበሩት የታይ ሶን አዛዦች ንጎ ቫን ሶ እና ፋን ቫን ላን አልተከላከሉም። የሊቁን የንጎ ቲ ንየምን ምክር ሰምተው ከተማዋን ለቀቁና ጦራቸውን ሳያስበሉ ወደ ታም ዲየፕ ተራሮች አፈገፈጉ። ሱን ሽዪ ይህን እንደ ሽሽት ቆጠረው። ንጉየን ሁዌ ደግሞ በዲሴምበር 22 በፉ ሱዋን፣ በዛሬዋ ሁዌ ከተማ አጠገብ፣ ኳንግ ቹንግ በሚል ስም ንጉሠ ነገሥትነቱን አውጆ በዚያው ዕለት ተነሣ።

ቀኑን አስቀድሞ ማስተካከል

የቬትናም መዛግብት ቀኑን የሚጽፉት በጨረቃ ወር ነው። የአውሮፓ ቀን የያዘ ሌላ ጽሑፍ ጎን ለጎን ስታነቡ አንድ ክስተት ሁለት ይመስላችኋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ረጅም ወረቀት ላይ የቀን ገመድ ሥሩ፤ ከዲሴምበር 17 እስከ ጃንዋሪ 30 ድረስ፣ ለአንድ ቀን አንድ ሣጥን፣ በጠቅላላው 45 ሣጥን።

ልትጽፉባቸው የሚገቡት እነዚህ ናቸው። የ11ኛው ወር 20ኛ ቀን ዲሴምበር 17 ነው፤ ከተማዋ ወደቀች። 25ኛው ቀን ዲሴምበር 22፣ ዐዋጁና ጉዞው። 29ኛው ቀን ዲሴምበር 26፣ ኳንግ ቹንግ ንጌ አን ደረሰ። የ12ኛው ወር 20ኛ ቀን ጃንዋሪ 15፣ ታም ዲየፕ ደረሰ። የዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት ጃንዋሪ 25፣ ጥቃቱ ተጀመረ። የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን፣ ማለትም ቴት፣ ጃንዋሪ 26 ዋለ። 3ኛው ቀን ጃንዋሪ 28፣ የሃ ሆይ ምሽግ። 5ኛው ቀን ጃንዋሪ 30፣ የንጎክ ሆይና የዶንግ ዳ ምሽጎች።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉንም የጨረቃ ወር 30 ቀን አድርጎ ይቆጥራል። ከላይ ያሉት ቀኖች የሚገጥሙት የዚያ ዓመት 11ኛ ወር 29፣ 12ኛው ደግሞ 30 ቀን ሲሆን ብቻ ነው። አንድ ቀን ካሳታችሁ ከንጌ አን በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። በእኛ አቆጣጠር መጻፍ የምትፈልጉ ደግሞ ዛሬ የምንጠቀምበትን ልዩነት አትውሰዱ። ዛሬ ጃንዋሪ 30 ጥር 22 ነው፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ልዩነቱ በሁለት ቀን ያንስ ስለነበር ድሉ የዋለው ጥር 24 ቀን 1781 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ የወደቀችበትም ታኅሣሥ 10 ነው እንጂ 8 አይደለም።

ሦስቱ ሰሌዳዎች

ሁሉንም በአንድ ሰሌዳ ለማሳየት አትሞክሩ። ከታም ዲየፕ እስከ ታንግ ሎንግ ጉዞው 105 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የንጎክ ሆይ የመጨረሻ ትንቅንቅ ደግሞ በጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ ያለቀ ነው። በአንድ መለኪያ ከተሠሩ ወይ ምሽጉ አይታይም ወይ መንገዱ ከቤት ይወጣል።

የመጀመሪያው የጉዞ ሰሌዳ ነው። 1 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ይሁን። ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ያስፈልጋል፤ የፍሪጅ ማሸጊያ ካርቶን ተከፍቶ ይበቃል። ታንግ ሎንግን ከላይኛው ጠርዝ 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ በስፒል ትከሉ፤ ከእሷ በላይ የሚያልፈውን ቀይ ወንዝ በሰማያዊ ክር አሳዩ። ከዚያ በዋናው የደቡብ መንገድ፣ ማለትም ዛሬ ብሔራዊ መንገድ 1 በሚባለው፣ ወደ ታች እየለካችሁ ውረዱ፦ ንጎክ ሆይ 14፣ ሃ ሆይ 20፣ ፉ ሱየን 35 ገደማ፣ ዚያን ኻው የወንዝ መሻገሪያ 82 ገደማ፣ ታም ዲየፕ 105 ገደማ። ሶን ታይን ከታንግ ሎንግ በስተ ምዕራብ ግራ ጠርዝ ላይ አድርጉ፤ ስፋቱ አይበቃትም፣ ግን እዚያ ያለው ጦር ስለማይዋጋ ጉዳት የለውም። የባሕሩ መንገድ ከሰሌዳው ውጪ በአንድ ወረቀት ላይ ይቀመጥ።

ሁለተኛው የንጋት ሰሌዳ ነው፤ 1 ሳንቲ ሜትር 200 ሜትር፣ መጠኑ 80 በ50። ከላይ ቀይ ወንዝ፤ በደቡብ ዳርቻው ሱን ሽዪ የሰፈረበት የታይ ሎንግ ቤተ መንግሥት፤ በወንዙ ላይ ተንሳፋፊ ድልድይ። ከቤተ መንግሥቱ በስተ ደቡብ ምዕራብ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ዶንግ ዳን ትከሉ፤ በመሬት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ንጎክ ሆይን ደግሞ ወደ ደቡብ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በቀጥታ መስመር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ። (በጉዞው ሰሌዳ 14 ያልነው በመንገድ ተለክቶ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ።) ከንጎክ ሆይ በስተ ምዕራብ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ዳይ አንግ የምትባለውን መንደር፣ ከንጎክ ሆይ ወደ ሰሜን ጥቂት ከፍ ብሎ ደግሞ ዳም ሙክ የሚባለውን ረግረግ አድርጉ። ረግረጉን በሰማያዊና በቡናማ እርሳስ አጥቁሩት፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ይህን ሰሌዳ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ጠጠር ከመደርደራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቆማችሁ እዩት። ዶንግ ዳ ለአዛዡ መኖሪያ ከንጎክ ሆይ በሦስት እጥፍ ይቀርባል። የቺንግ ጦር ዋና ኃይል ንጎክ ሆይ ላይ ተቀምጦ፣ ዶንግ ዳ ከተሰበረች ጠላት ከራሱ ጦር ቀድሞ አዛዡ ደጃፍ ይደርሳል። የዘመቻው ዕቅድ በሙሉ እዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ሦስተኛው ትንሿ የንጎክ ሆይ ሰሌዳ ናት፤ 50 በ50 ሆና መለኪያ የላትም። አሠራሯን ከታች እንመለስበታለን።

ጠጠሩና ቁጥሩ

በቁጥሩ ላይ መዛግብቱ አይስማሙም፤ ልዩነቱም የዋዛ አይደለም። በቬትናም ትረካ የቺንግ ጦር 200 ሺህ፣ አንዳንዴም 290 ሺህ ይባላል። የቺንግ ቤተ መንግሥት ሰነዶች ደግሞ ሱን ሽዪ ይዞት የገባውን 10 ሺህ ያህል፣ ከዩናን የመጣውን 8 ሺህ ያህል ያደርጉታል። ከአካባቢው የተከተለው የለ ደጋፊ ጦርና ስንቅ ተሸካሚው ሲደመር ከሰነዱ ቁጥር ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ 290 ሺህ ሰው ግን በዚያ መንገድ ላይ ምን በልቶ እንደሚሰነብት ማስረዳት ይከብዳል። ለኳንግ ቹንግ በተለምዶ የሚጠቀሰው 100 ሺህ ሰውና ሁለት መቶ ያህል ዝሆን ነው።

ስለዚህ ለጠጠሩ የሰው ቁጥር አትስጡት፤ አንጻራዊ ክብደት ብቻ ይኑረው። ሽምብራ ለታይ ሶን፣ ነጭ ቦሎቄ ለቺንግና ለአጋሮቹ፣ ባቄላ ለዝሆን ይሁን፤ አንድ ባቄላ 10 ዝሆን ነው። የሚከተለው ድልድል የእኛ ነው፣ ከመዝገብ የተቀዳ አይደለም፤ ብዙ ሳያዛባ ይሠራል። ለታይ ሶን ዋና ጦር 12 ሽምብራና 10 ባቄላ፤ በምዕራብ ዞሮ ወደ ዶንግ ዳ ለሚሄደው የጦር አለቃ ሎንግ 5 ሽምብራና 4 ባቄላ፤ በዳይ አንግ በኩል ለሚመጣው የጦር አለቃ ባዎ 4 ሽምብራና 6 ባቄላ፤ በባሕር ለሚሄዱት ቱየትና ሎክ ሁለት ሁለት ሽምብራ። ለቺንግ ንጎክ ሆይ 6፣ ሃ ሆይ 2፣ ዶንግ ዳ 2፣ ከተማው 4፣ ሶን ታይ ላይ ያለው የዩናን ጦር 4፤ በዚያን ኻው ያሉት የለ ደጋፊዎች 2።

የታይ ሶን አሰላለፍ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ አይሆንም፦ ፊት፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ደጀንና መሀል። በእኛ ባህላዊ ጦር ፊታውራሪው፣ ቀኛዝማቹና ግራዝማቹ እንደሚቆሙት ማለት ነው። ልዩነቱ ኳንግ ቹንግ በንጌ አን የመለመላቸውን አዲስ ወታደሮች መሀል አድርጎ ነባሮቹን በአራቱ ጎን ማሰለፉ ነው። አዲሶቹን ሽምብራዎች በቀለም ምልክት አድርጉባቸውና ከመሀል እንዳይወጡ ከልክሉ፤ ተጫዋቹ ለጥቃት ፊት ካሰለፋቸው በመጀመሪያው ግጭት ይበተኑ።

ጉዞው፣ በቀን ስንት

የእግር ጉዞ ፍጥነትን በተመለከተ አንድ ታዋቂ ወጥመድ አለ። ከፉ ሱዋን እስከ ንጌ አን 365 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መዝገቡ በአራት ቀን ተደረሰ ይላል፤ በቀን 90 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህንን ለማስረዳት ሦስት ሦስት ወታደር ተቧድኖ ሁለቱ አንዱን በቃሬዛ እየተሸከሙ በየተራ አረፉ የሚል ትረካ አለ። የተሸከመ ሰው ካልተሸከመ ሰው አይፈጥንም፤ ትረካው እንቅልፍን ያስረዳል፣ ፍጥነትን አያስረዳም። ንጉሡና ጥቂት ተከታዮቹ በዚያ ፍጥነት ሄዱ ቢባል ያስኬዳል፤ መቶ ሺህ ሰውና ዝሆን ግን አይሆንም። የሠራዊቱ ትልቅ ክፍልም ንጌ አንና ታን ሆዋ ላይ የተመለመለ ስለሆነ ሁሉንም ከፉ ሱዋን ማስነሣት አያስፈልጋችሁም።

በትክክል የሚለካው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከንጌ አን እስከ ታም ዲየፕ 190 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ለምልመላ ዐሥር ቀን ያህል ከቆሙ በኋላ በቀረው ጊዜ ሲካፈል በቀን 20 ያህል ይወጣል። ከዚያን ኻው እስከ ሃ ሆይም 62 ኪሎ ሜትር በሦስት ቀን፣ እንደገና 20 ያህል። ሁለቱ ራሳቸው መግጠማቸው ደስ ይላል። ሕጉ እንግዲህ ይህ ነው፦ የጦሩ ጠጠር በጉዞ ሰሌዳው ላይ በቀን ከ20 ሳንቲ ሜትር አያልፍም።

ጨዋታውን ጃንዋሪ 15 ታም ዲየፕ ላይ ጀምሩ። እዚያ ዐሥር ቀን ይቆያሉ፤ የታይ ሶን ተጫዋች በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱን ጦር መንገድና የመድረሻ ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አጥፎ ለዳኛው ይሰጣል። ኳንግ ቹንግ ሠራዊቱን ቴትን አስቀድሞ አክብሮ፣ በአዲሱ ዓመት 7ኛ ቀን ታንግ ሎንግ ገብተን በድጋሚ እናከብራለን ብሎ ነበር የተነሣው። ስለዚህ 7ኛው ቀን የጨዋታው ማብቂያ ነው፤ እስከዚያ ያልገባ ተሸንፏል።

ዳኛው የሚያስፈልገው ለቺንግ ወገን ነው። የቺንግ ተጫዋች ከፉ ሱየን በስተ ደቡብ ያለውን ማየት የለበትም፤ ያ የሰሌዳው ክፍል በጨርቅ ይሸፈን። ኳንግ ቹንግ በመጨረሻው ሌሊት በዚያን ኻው ወንዙን ተሻግሮ የለ ደጋፊዎችን ከበተነ በኋላ፣ እስከ ፉ ሱየን ድረስ የነበሩትን ቃፊሮች በሙሉ አስያዘ። አንድም አላመለጠም። ወሬ ነጋሪ ያጣው ሱን ሽዪ ጦሩን ለበዓል አሳርፎ ተቀመጠ። ጨርቁን ትታችሁ ሁለቱም ወገን ሁሉን እያየ ብትጫወቱ፣ የቺንግ ተጫዋች በጃንዋሪ 26 ጦሩን ሁሉ ወደ ንጎክ ሆይ ያጎርፋል፤ ከዚያ በኋላ የምትጫወቱት ሌላ ጦርነት ነው። የቃፊሩን ነገር በሳንቲም ወስኑ፦ ዳኛው ሁለት ጊዜ ይጥላል፣ ሁለቱም ጎፈር ከወጣ አንድ ቃፊር አምልጧልና ጨርቁ በአንድ ቀን ቀድሞ ይነሣል።

የባሕሮቹ ሁለት ጦሮች ቀላል ናቸው። ቱየት ወደ ሃይ ዡዎንግ አቅጣጫ፣ ሎክ ደግሞ ከዚያ አልፎ በሰሜን ምሥራቅ የማፈግፈጊያውን መንገድ ለመዝጋት ይሄዳሉ። የታቀደላቸው ቀን ሲደርስ ወረቀቱ ላይ ደረሱ በሉ፤ ሥራቸው የሚመጣው ከድልድዩ በኋላ ነው።

ሃ ሆይ፣ ያለ ተኩስ

ጃንዋሪ 28 ሌሊት ዋናው ጦር ሃ ሆይን በጸጥታ ከበበ። ከዚያ በድምፅ ማጉያ ጥሪ ተደረገ፣ በጨለማ ውስጥ ዙሪያውን የሰፈረው ሠራዊት ባንድ ድምፅ መለሰ። ምሽጉ ውስጥ ያሉት ስንት እንደሆኑ እንኳ ሳያውቁ እጅ ሰጡ። በሰሌዳው ላይ ሕጉ አጭር ነው፦ አራቱም ጎን ሽምብራ ካለ ሃ ሆይ ይሰጣል፤ አንድ ጎን እንኳ ክፍት ከሆነ አንድ ቦሎቄ ወደ ንጎክ ሆይ አምልጦ ወሬ ያደርሳል፣ ንጎክ ሆይም በሌሊት ይደገፋል። ችኩል ተጫዋች ከሦስት ጎን አጥቅቶ የሚያጣው እዚህ ነው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ቀን ይመጣል። ሃ ሆይና ንጎክ ሆይ መካከል 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ዋናው ጦር ግን ጃንዋሪ 29ን ሙሉ ቀን አላጠቃም። ቆመ። ከንጎክ ሆይ ፊት ለፊት መኖሩ በዚያ ቀን ታወቀ፤ የሱን ሽዪም ዓይን ወደ ደቡብ ተተከለ። ሎንግ በምዕራብ በቹዎንግ ዱክና በንያን ሙክ በኩል ረጅሙን መንገድ ይዞ ዶንግ ዳ የሚቀርበው፣ ባዎም ዳይ አንግ የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው። እኛ እንደምናየው የዘመቻው ከባድ ውሳኔ ይህ ቀን ነው፤ ድንጋጤው ትኩስ ሆኖ ሳለ ጦርን ማቆም ቀላል አይደለም። በቀኑ ገመድ ላይ ይህን ሣጥን ቀይ ቀቡት። የታይ ሶን ተጫዋች በዚህ ቀን ካጠቃ ዳኛው አይከልክለው፤ ንጎክ ሆይን ይያዝ፣ ሱን ሽዪ ግን በ4ኛው ቀን ጦሩን እንደያዘ ድልድዩን ይሻገራል። ከተማዋ ትመለሳለች፣ የቺንግ ጦር ግን ሙሉውን ይተርፋል።

ንጎክ ሆይ፣ በቅርብ

ከዚህ በኋላ ወደ ንጋት ሰሌዳው እለፉና የሰዓቱን ገመድ ዘርጉ፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት አንድ ሣጥን፣ 12 ሣጥን። ሎንግ ከንጋት በፊት ዶንግ ዳ ላይ መድረስ አለበት፤ ዋናው ጦር ጎህ ሲቀድ፣ በ12 ሰዓት አካባቢ፣ ንጎክ ሆይን ይገጥማል።

አሁን ትንሿን ሰሌዳ አውጡ። በሰሜን ጠርዟ ምሽጉን በክብሪት እንጨት አጥሩ። ከአጥሩ ፊት የተቀበረ ባሩድና ባለ ሾህ ብረት ነበረ፤ በቁንዶ በርበሬ ፍሬ መጠን ያላቸው የወረቀት እንክብሎች በአሸዋ ውስጥ ቅበሩ።

ጋሻዎቹ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ውጊያውን የሚተርከው የቬትናም ዜና መዋዕል ልኩን ይናገራል፦ 60 ሳንቃ፣ ሦስት ሦስቱ ተጋጥመው 20 ትልልቅ ጋሻ፤ የፊታቸው ገጽ በውሃ በተነከረ ገለባ ተሸፍኖ፤ እያንዳንዱን 10 ብርቱ ሰው ተሸክሞ፣ ወገቡ ላይ አጭር ጩቤ ሰክቶ፤ ከኋላ ሌሎች 20 መሣሪያ ይዘው፤ ሁሉም በአንድ አግድም መስመር ተሰልፈው። ሃያው ለእያንዳንዱ ጋሻ ነው ብለን ካሰላን 200 ተሸካሚና 400 ተከታይ፣ በድምሩ 600 ሰው ነው። ስለዚህ 60 የክብሪት እንጨት ቁጠሩ፤ ራሱን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ሦስት ሦስቱን በኮላ አጣብቁ። ኮላው ሳይደርቅ ፊቱን ደቀቅ ያለ የጤፍ ጭድ ንስነሱበት። በአንድ ምስር 10 ሰው እያላችሁ ከእያንዳንዱ ጋሻ ኋላ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ምስር አስቀምጡ፤ 60 ምስር ያልቃል። ጋሻዎቹ ሲደረደሩ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይይዛሉ። ክፍተት አትተዉ፤ መስመሩ ዋጋ የሚኖረው ሳይበጠስ ሲሄድ ነው።

ገለባው የተነከረው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። እንጨት ጥይትን ያዘገያል እንጂ እሳትን አይችልም፤ የቺንግ ምሽግ ደግሞ ጭስና እሳት የሚተፋ ቧንቧ ነበረው። እርጥብ ገለባ ሳንቃው እንዳይያያዝ ያደርጋል። የጋሻው ክብደትም ከዚህ ይመጣል፤ ሰውየው ጋሻ ይዞ መዋጋት አይችልም። አጥሩ ሥር ሲደርሱ ጋሻው ይጣላል፣ ጩቤው ይመዘዛል፣ ከኋላ ያለው ሃያ ይገባል። ሥራውን በሁለት ከፍሎ መስጠቱ ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ አይለወጥ። መጀመሪያ ዝሆኖቹ፤ ከመቶ በላይ ነበሩ ይባላል፣ እናንተ 10 ባቄላ አላችሁ። የቺንግ ፈረሰኛ ከምሽጉ ወጥቶ ሊገጥም ሲል ፈረሶቹ ዝሆን አይተው ደነበሩና ተመለሱ፤ የራሳቸውን እግረኛም ረገጡ። ዝሆን ግን አጥርና የተቀበረ ባሩድ ላይ አይላክም፤ የደነገጠ ዝሆን የኋላውን ያጠፋል። ባቄላዎቹ ፈረሰኛውን ካስገቡ በኋላ ወደ ሁለቱ ጎን ይከፈቱ፣ በመሀል የጋሻው መስመር ይውጣ። ጋሻውን ከዝሆኑ በፊት የሚልክ ተጫዋች ይኖራል፤ ፈረሰኛው በጎን ዞሮ ተሸካሚዎቹን እጃቸው እንደተያዘ ይጨርሳቸዋል።

ነፋሱን በሳንቲም ወስኑ። በዚያ ወቅት ነፋሱ በብዛት ከሰሜን ይነፍሳል፣ ማለትም ጭሱ ወደ ታይ ሶን። በዜና መዋዕሉ እንደተጻፈው ግን በውጊያው መሀል ድንገት ወደ ደቡብ ነፋስ ተለወጠና ጭሱ ተመልሶ ቺንጎቹን አፈነ። ዘውድ ከወጣ ነፋሱ ይዞራል፣ ጎፈር ከወጣ ጋሻው አንድ ሰዓት ይዘገያል። ነፋሱ ባይዞርም ምሽጉ ይወድቃል፤ የሚለወጠው ሰዓቱ ነው፣ እሱም ይበቃል።

ረግረጉና ድልድዩ

ከንጎክ ሆይ የሸሸው ወደ ሰሜን ሲያፈገፍግ ዋናው መንገድ የተያዘ መስሎት ወደ ዳም ሙክ ዞረ። እዚያ ባዎ ከዳይ አንግ ዝሆኖቹን ይዞ ጠበቀው። በሰሌዳው ላይ የባዎ 6 ባቄላ ረግረጉ አጠገብ ካለ የገባው ቦሎቄ ሁሉ ይነሣል። ባዎ ካልደረሰ ግማሹ ከተማ ይደርሳል።

ዶንግ ዳ ላይ ሎንግ ባለሁለት ቦሎቄውን ምሽግ በጨለማ ይመታል። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወግ የአካባቢው መንደርተኞች ገለባ እየጠመሩ ችቦ ለኩሰው እንደ እሳት ዘንዶ ምሽጉን እንደከበቡ ይናገራል። አዛዡ ጸን ዪዶንግ መውጫ ሲያጣ ራሱን ሰቀለ። ቦታው ዛሬ የሃኖይ ከተማ አካል ነው፤ በየዓመቱ በቴት 5ኛ ቀን የድሉ በዓል እዚያ ጉብታ ላይ ይከበራል።

ዶንግ ዳ በወደቀ በሚቀጥለው ሣጥን ጨርቁ ከሱን ሽዪ ዓይን ላይ ሙሉ በሙሉ ይነሣ። የቺንግ ተጫዋች አሁን ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ከተማው ውስጥ ባሉት 4 ቦሎቄ ሎንግን መመለስ፣ ወይም መሻገር። እውነተኛው ሱን ሽዪ ፈረሱን ሳይጭን ተሻገረ፤ ለ ቺየው ቶንግም ተከተለው። ድልድዩን በተመለከተ ሁለት ትረካ አለ። በቬትናሞቹ ሰው ተጨናንቆበት ተሰበረ፤ በቺንግ ሰነድ አዛዡ ከተሻገረ በኋላ እንዲቆረጥ አዘዘ። በደቡብ የቀሩት የጓንግሺው ጦር አዛዥ ሹ ሽሄንግና ሌሎች ከፍተኛ መኮንኖች አለቁ። ሕጉን ሁለቱን አስታርቆ ሥሩት፦ በአንድ ሰዓት ከአንድ ቦሎቄ በላይ ከገባ ድልድዩ ይሰበራል፤ የቺንግ ተጫዋች ደግሞ አዛዡ ካለፈ በኋላ በማንኛውም ሰዓት ሊቆርጠው ይችላል። የተሻገሩትን ሎክ በሰሜን ምሥራቅ ከጠበቃቸው ግማሹን ያንሣ። ሶን ታይ ያለው የዩናን ጦር አይንቀሳቀስም፤ ውጤቱን ሰምቶ ሳይዋጋ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ኳንግ ቹንግ እኩለ ቀን ላይ፣ በ12ኛው ሣጥን፣ ይገባል። በባሩድ ጭስ የጠቆረ ልብሱን ለብሶ ገባ ይባላል፤ ከቀጠሮውም ሁለት ቀን ቀድሞ ነበር።

ሁለተኛ ዙር

አንድ ጊዜ እንደ ታሪኩ ከተጫወታችሁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ ድገሙት። ሁለት ሦስት ነገር ባንዴ ከለወጣችሁ የትኛው ምን እንዳመጣ አይታወቅም። የቺንግን ቦሎቄ እጥፍ አድርጉት፤ ንጎክ ሆይ 12፣ ዶንግ ዳ 4። አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ ያው ይሆናል፣ ድልድዩ ቶሎ ከመሰበሩ በስተቀር። ቀጥላችሁ ቦሎቄውን ወደ ቦታው መልሱና ሎንግን በሦስት ሣጥን አዘግዩት፤ ንጎክ ሆይ ቀድሞ ይወድቃል፣ ወሬው በ3 ሰዓት ውስጥ ቤተ መንግሥቱ ይደርሳል፣ ሱን ሽዪ 3 ቦሎቄ በሥርዓት ያሻግራል፣ ሎንግ ሲመጣ የሚያገኘው የተቆረጠ ድልድይ ነው። በሦስተኛው ዙር ባዎን አስቀሩት። የሦስቱን ዙር የሰዓት ገመዶች ጎን ለጎን ለጥፏቸውና የቺንግ ተጫዋች መጀመሪያ "ልሻገር" ያለበትን ሣጥን በየገመዱ ክበቡ።